ቀይ ጥፍር፣ ጥቁር ሹራብ

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በቦታዬ የተተካችው ልጅ ቤቴ ድረስ መጥታ የመሳቢያዬን ቁልፍ ጠየቀችኝ። ሰብለ ትባላለች። ዲግሪ አላት፤ ትሕትናም አላት። ቁልፉን ሰጠኋት፤ ተቀብላ ግን ቶሎ አልተነሳችም።

«እትዬ አልማዝ፣ ምን ምን ነው ያለው ውስጡ?»

«መርፌና ክር፣ መርፌ ቁልፍ፣ ትርፍ ሹራቦች፣ አሴቶንና ጥጥ።»

«አሴቶን? የጥፍራቸውን ቀለም እኛ ነን የምናስለቅቀው?»

«ራሳቸው ያስለቅቃሉ። አንቺ በሩን ዘግተሽ ውጭ ትቆሚያለሽ።»

«ለምንድን ነው ውጭ የምቆመው?»

«ይሻላል» አልኳት። ከሄደች በኋላ መልሴ አጭር እንደነበር ገባኝ። ይህን የምጽፈው የቀረውን ለመመለስ ነው። ዋናው ነገር የሌላ ሰው ነው፤ ባለጉዳይዋ ስሟን ቀይሬ እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች፤ ቤተሰቧም ዛሬ ሁሉንም ያውቃል።

ሥራዬ የተማሪ ተቆጣጣሪነት ነበር። ጠዋት ትምህርት ቤት በር ላይ ቆማ ልብስ፣ ጫማ፣ ጸጉርና ጥፍር የምታይ ሴትዮ አለች፤ እሷ ነኝ። ተማሪዎች «ኤክስሬይ» ይሉኝ ነበር፤ እነሱ እንዳልሰማ አድርገው ይሉኛል፣ እኔም እንዳልሰማ ሆኜ አልፋለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ ሳይመጣልኝ ሲቀር ነው የተቀጠርኩት። ስለ ደመወዙና በየዓመቱ ስለምንሞላው ቅጽ ብዙ የምለው የለኝም፤ ደመወዙ አኖረኝ፣ ቅጹ አሰለቸኝ።

መጀመሪያ የተመደብኩት አሥራ ስምንት ማዞሪያ አጠገብ ባለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። ሥራውን ያስተማሩኝ እትዬ ወርቅነሽ ናቸው። የጎጃም ሰው ነበሩ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ። በየቀኑ ያንኑ ካኪ ጋውን ይለብሱ ነበር። ሌላ ልብስ አጥተው አይደለም። «በየቀኑ አንድ ልብስ ልበሱ እያልኩ እኔ ስቀያይር ልታይ?» ይሉ ነበር። በሩ ከመከፈቱ በፊት ጫማቸውን ይወለውላሉ። ከኪሳቸው መርፌና ክር አይጠፋም፤ መቀስ ግን አይገባበትም።

የመቀሱ ነገር ምክንያት ነበረው። በጊዜው የነበሩት ርዕሰ መምህር የቀድሞ ወታደር ናቸው። ጸጉሩ የረዘመ ወንድ ልጅ ሲያገኙ በመቀስ አናቱ መሐል መንገድ ያወጡበታል፤ ልጁ ሳይወድ ሄዶ ይላጫል። እትዬ ወርቅነሽ አይከራከሯቸውም። ጸጉራሙን ልጅ በር ላይ ቀድመው ይይዙትና «ዛሬ ጌታው በግራ በኩል ቆመዋል፤ አንተ በቀኝ ግባ። ነገ ግን ተቆርጠህ ና» ይሉታል። ልጁ በማግስቱ ተቆርጦ ይመጣል። ርዕሰ መምህሩ የሰልፉን ማማር እያዩ መቀሳቸው የሠራ ይመስላቸው ነበር።

«ከጫማ ጀምሪ» ይሉኝ ነበር። «ከፊቱ ከጀመርሽ ወይ ታዝኛለሽ ወይ ትናደጃለሽ። ከጫማ ጀምረሽ ፊቱ ጋ ስትደርሺ ነገሩ ገብቶሻል።» እውነት ነበር። የጫማው ተረከዝ፣ የሱሪው ጠርዝ፣ የእጅጌው ጫፍ ብዙ ይናገራሉ። ሰኞ ጠዋት የሹራቡ እጅጌ ከሌላው ጠቆር ብሎ ከታየ እርጥብ ነው፤ ልጁ ያለው አንድ ሹራብ ነው፣ እሑድ ታጥቦ አልደረቀም። ያን ልጅ ስለተበጠሰው ቁልፍ በሰው ፊት አትጠይቂውም፤ ጠጋ ብለሽ መርፌ ቁልፉን እጁ ላይ ታኖሪለታለሽ። የጠዋቱ ፈረቃ ወጥቶ የከሰዓቱ ሲገባ አጥር ጥግ ቆመው አንዱን ሹራብ የሚቀባበሉ ወንድምና እህት ነበሩ። እትዬ ወርቅነሽ በዚያ ሰዓት ጀርባቸውን ሰጥተው ከዘበኛው ጋር ስለ ዝናቡ ማውራት ይጀምራሉ።

የአለባበስ ጥፋት ባዩ ቁጥር የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነበር፤ «ይሄ ከመስታወት የመጣ ነው ከቤት?» ከመስታወት የመጣውን ይቆጣሉ፤ እየቀለዱም ቢሆን ይቆጣሉ። ከቤት የመጣውን ግን መጀመሪያ ይሰማሉ። ደግሞ አንድ ነገር አጥብቀው ነገሩኝ። አንዲት ልጅን ስለ ጸጉሯ ስቆጣ ሰንብቼ፣ አንድ ቀን ደክሞኝ ዝም ብዬ አሳለፍኳት። ልጅቷ መንገዱን ሁሉ እየዞረች ታየኝ ነበር።

«አየሻት?» አሉኝ። «ትናንት የተቆጣሻትን ዛሬ ዝም ስትያት ምክንያት ትፈልጋለች። ማታ ሳትተኛ ትፈልጋለች። ከጀመርሽ አትተይ፤ የምትተይ ከሆነም ለምን እንደተውሽ ንገሪያት።»

ከዓመታት በኋላ ወደ ቤቴል በኩል ወዳለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተዛወርኩ፤ ጡረታ የወጣሁትም ከዚያው ነው። እዚያ ሥራው ሌላ ነበር። ጦር ኃይሎች አካባቢ ሱሪ የሚያጠብቡ ልብስ ሰፊዎች አሉ፤ ዓርብ ሰፊ የነበረው ሱሪ ሰኞ እግር የማያስገባ ሆኖ ይመጣል። ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ወገባቸው ላይ ጠቅልለው ያሳጥራሉ፣ እኔን ሲያዩ ይፈቱታል። አንዲት ርዕሰ መምህርት «ራሳቸውን አይተው ይስተካከሉ» ብላ በሩ ላይ ትልቅ መስታወት አሰቀለች። ሰንደቅ ዓላማ ተሰቅሎ መዝሙሩ ሲያልቅ ግማሹ ተማሪ ገና መስታወቱ ፊት ጸጉሩን ያበጥር ነበር። በሳምንቱ ወረደ።

ምሕረትን ያወቅኳት በዚያ በር ላይ ነው። የጉራጌ ቤተሰብ ልጅ ናት፤ ቤተሰቡ ኮልፌ ላይ ከከተመ ቆይቷል። አባቷ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ጋ የቧንቧ ዕቃ ይሸጡ ነበር። እሳቸው ከስምንተኛ ክፍል ወጥተው ሱቅ የገቡ ሰው ናቸው፤ ደንበኛ በገባ ቁጥር ከቧንቧው በፊት ስለ ልጃቸው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ያወራሉ ይባል ነበር።

ምሕረት ጎበዝ ተማሪ ናት፣ ችግሯ ጥፍሯ ነው። ደንቡ ቀለም ይከለክላል፤ እሷ ትቀባለች። «እጅሽን» ስላት ስጦታ እንደሚያቀርብ ሰው ሁለት እጇን ገልብጣ ትዘረጋለች።

«እንዴት ነው እትዬ፣ አያምርም?»

«ያምራል። ቢሮ ግቢና አስለቅቂው።»

«እትዬ በናትዎ! ይቺ ከለር እኮ ስንት ፈልጌ ነው ያገኘኋት!»

«ቅዳሜ ትቀቢያታለሽ። ነይ እለፊ።»

አሴቶኑን በጥጥ ይዛ ቢሮዬ ውስጥ ጥፍሯን ታጸዳለች፤ ከዚያ «ግቢ» እላታለሁ፣ ወደ ክፍሏ ትሮጣለች። ይህ ከመስታወት የመጣ ነበር። ደስም ይለኝ ነበር ብል አልዋሸሁም።

ለፈተናው ወር የማይሞላ ጊዜ ሲቀረው አጎቷ ትምህርት ቤት መጡ። አቶ ክብሩ ይባላሉ፤ የአባቷ ታናሽ ወንድም ናቸው። ርዕሰ መምህሩን አነጋገሩ፤ እሳቸው ወደ እኔ ላኳቸው። ቢሮዬ ገብተው በሩን ራሳቸው ዘጉት።

«ወንድሜ አርፏል» አሉኝ። «ለዘመድ ጉዳይ አገር ቤት ሄዶ ታመመ፣ እዚያው ቀረ። ቀብረነው መጣን። እናቷ እዚያው ናት። ለልጅቷ ግን ታሟል፣ እናትሽ እያስታመመችው ነው ብለናታል።»

«ስልክ አትደውልም?»

«ኔትወርክ አስቸጋሪ ነው ብለናታል። እናቷ አልፎ አልፎ ትደውልና ሁለት ቃል ተናግራ ትዘጋለች፤ ድምፅዋ እንዳይሰበር። አሁን ከእናቷ እህት ጋር ነው ያለችው። ፈተናውን እስክትጨርስ እንዳትሰማ፣ እትዬ። መርዶውን ያን ጊዜ ሽማግሌ ይዘን በወጉ እንነግራታለን። ወንድሜ የሚመኘው ይህን ፈተና ነበር። ከሰፈር የሚመጡት ልጆች ጥቁር ለብሰው እንዳይቀርቧት፣ ‹እግዚአብሔር ያጽናሽ› የሚላት እንዳይኖር ይጠብቁልኝ።»

እሺ አልኳቸው። እንደ ልማዴ ከጫማቸው ጀምሬ አየኋቸው። ሐዘን የደረሰበት እንዳይመስሉ ቡናማ ሱሪና ዳማ ዳማ ኮት ለብሰዋል። አገጫቸው ላይ ስደርስ ግን ጢማቸው አድጓል፤ የሐዘን ጢም ነው።

«አቶ ክብሩ፣ ልብስዎ ደህና ነው። ጢምዎ ግን ይናገራል።»

እጃቸውን አገጫቸው ላይ አደረጉ። «ለወንድሜ ጢም ላላሳድግ?»

«ከፈተናው በኋላ ያሳድጋሉ።»

በማግስቱ ልጅቷን ሲሸኙ በሩ ላይ አየኋቸው። ተላጭተዋል፤ ጉንጫቸው ላይ ምላጭ የነካው ቦታ ይታያል። ሰላም ሳይሉኝ ተመለሱ።

ሥራዬን ሠራሁ። ከሰፈሯ የሚመጡትን ልጆች አንድ በአንድ ጠርቼ አስጠነቀቅኳቸው። አንዱ ከሸሚዙ ሥር ጥቁር ካናቴራ ለብሶ መጣ፤ የአባቷ እድርተኛ ልጅ ነው። ደንብ ነው ብዬ መለስኩት። ያ ደንብ ለወይን ጠጅ ሹራብና ለግራጫ ቀሚስ ተብሎ የወጣ ነው፤ ያን ሰሞን ግን የአንድ ቤተሰብ ምስጢር ይጠብቅ ነበር። ለእኔ ኩራት ሆነኝ። በር ጠባቂነቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለትልቅ ነገር የዋለ መሰለኝ።

አንድ ነገር ግን አልቻልኩም። አጎቷ በመጡ ማግስት ምሕረት ጥፍሯን ቀብታ መጣች፤ ቀይ። አየሁትና «ግቢ» አልኳት። እጇን ለመዘርጋት አንስታው ነበር፤ መልሳ አወረደችው። በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ። በሦስተኛው እየሳቀች «እትዬ፣ ኤክስሬዩ ተበላሸ እንዴ?» አለችኝ። እኔም ሳቅሁላት። እትዬ ወርቅነሽ ቢኖሩ በዚያች ሳቅ ላይ ክንዴን ቆንጠጥ ያደርጉኝ ነበር። ያስተማሩኝን የዘነጋሁት ስላልገባኝ አልነበረም፤ ስላዘንኩ ነው።

አንድ ጠዋት ሰልፉ ካለቀ በኋላ፣ በሩ ሊዘጋ ሲል መጣች። ከደንብ ልብሷ ላይ ጥቁር ሹራብ ደርባለች። የአክስቷ እንደሆነ ስፋቱ ያስታውቃል። እስከ አንገቷ ቆልፋዋለች። ፊቴ መጥታ ቆመች።

«ደህና አደሩ፣ እትዬ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ደህና አደርሽ?»

ማለፍ ነበረባት፤ አላለፈችም።

«ሹራቤን አላዩትም?»

«አይቼዋለሁ።»

«እና?»

እንዲህ ለብሶ ለመጣ ተማሪ የምለው ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ «አውልቂና ግቢ።» በዚያ በር ላይ ስንት ጊዜ እንዳልኩት አላውቅም። አባቷ ለሞተባት ልጅ ጥቁር አውልቂ ማለት ግን ከአፌ አልወጣ አለ። ዘበኛችን ጋሽ ደምሴ ፊታቸውን ወደ ግንቡ አዞሩ።

«ዛሬ ብርድ አለ» አልኳት።

«እርስዎ ነዎት ‹ብርድ አለ› የሚሉት?» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦ «አባዬ ነው፣ አይደል?»

ክንዷን ይዤ ቢሮዬ አስገባኋት። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ለረጅም ጊዜ አላለቀሰችም።

«ማን ነገረሽ?» አልኳት።

«ማንም። ሁላችሁም። እርስዎ እጄን ማየት ተዉ። የሒሳብ ቲቸር የቤት ሥራ ሳልሠራ ‹ችግር የለም› አሉኝ፤ እሳቸው! አጎቴ ደግሞ ከበዓል በዓል ነው የሚላጩት፤ አሁን በየቀኑ ተላጭተው ይመጣሉ። ‹ምን አግኝተው ነው እንዲህ ያማሩት› ብዬ ብቀልድ አክስቴ አልሳቀችም። ከዚያ ጥቁር ለብሼ ልሂድና እትዬ ካስወለቁኝ ምንም የለም ማለት ነው አልኩ። አስወልቀውኝ ክፍል እስክገባ ቸኩዬ ነበር።»

የጢሙን ነገር ስትል መሬት መሬት አየሁ። ምክሩ የእኔ ነበር። ሰውየውን ሳላውቃቸው፣ ጢማቸውን ብቻ አይቼ የመከርኳቸው።

«አጎትሽን ላስጠራልሽ» አልኳት።

«አይ!» ብላ ተነሳች። «እትዬ፣ እንዳይነግሯቸው። እናቴ እኔ እንዳልሰማ ብላ ነው ለቅሶዋን ችላ እዚያ የተቀመጠችው። አጎቴ ለወንድማቸው ጢማቸውን አላሳደጉም። ሰማች ከተባለ ይሄ ሁሉ ከንቱ ሆነ ማለት ነው። ፈተናውንም አያስፈትኑኝም፤ እዚያው ቤት ድንኳን ይተከላል፣ በቃ። እኔ ልፈተን እፈልጋለሁ። አባዬ ለደንበኛ ሁሉ ነው የነገረው።»

«ትችይዋለሽ?»

«አላውቅም። እርስዎ ግን ነገ እንደ ድሮው ይቆጡኝ።»

ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። በሩን ዘግቼ ውጭ ቆምኩ። ለሚያልፈው መምህር ሁሉ «ጥፍሯን እያስለቀቀች ነው» እላለሁ። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። «አሴቶኑ ነው እላቸዋለሁ» አለችኝ። ጥቁሩን ሹራብ አጥፋ ሰጠችኝ፤ ከመሳቢያው ወይን ጠጁን ለብሳ ሄደች። ለአክስቷ ክፍል ውስጥ ጠፋብኝ ብላታለች።

አጎቷ አደራ ሰጥተውኝ ነበር፤ አደራው በእጄ ላይ ፈርሷል። ልነግራቸው ይገባ እንደነበር የሚሉኝ ሰዎች ይኖራሉ። ሌሊቱን አስቤበታለሁ። የልጅቷን አደራ ላለማፍረስ ወሰንኩ።

በማግስቱ ሰልፉ ሙሉ በነበረበት ሰዓት መጣች። ጥፍሯ ከሩቅ የሚጣራ ቀይ ነው።

«እጅሽን!» አልኳት፤ ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ።

«እትዬ በናትዎ፣ ዛሬ ብቻ!»

«ምን ዛሬ ብቻ! ቢሮ ግቢ!»

ከኋላዋ ያሉት ወንዶች ሳቁ። «ኤክስሬይ ተጠገነ!» አለ አንዱ። ምሕረትም ሳቀች። ቢሮ ገባች፣ በሩን ዘጋሁ፣ ውጭ ቆምኩ። ስትጨርስ ጥፍሯ ነጽቶ፣ ዓይኗ ቀልቶ ወጣች። «ግቢ» አልኳት።

እንዲህ ከረምን። ማታ ማታ ጥፍሯን ትቀባለች፣ ጠዋት እቆጣታለሁ፣ አሴቶንና ጥጥ ይዛ በሩን ትዘጋለች። ቤት ውስጥ ማልቀስ አትችልም፤ አክስቷ አለች። ክፍል ውስጥ አትችልም። ያቺ ቢሮ ብቻ ነበረቻት፤ ወደዚያ የሚያስገባት ደግሞ ደንብ መጣሷ ነበር። አንዳንድ ቀን ቶሎ ትወጣለች፣ አንዳንድ ቀን ትቆያለች። አንድም ቀን አላንኳኳሁባትም። አሴቶኑ ሲያልቅ ሌላ ጠርሙስ እገዛ ነበር።

ለፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የሚወስዳቸው አውቶቡስ ትምህርት ቤታችን በር ላይ ቆመ። እዚያ ገብተው ነው የሚያድሩት። አቶ ክብሩ ፍራሽዋን ተሸክመው፣ ተላጭተው ቆመዋል። ምሕረት ወደ እኔ መጣች።

«እጅሽን» አልኳት።

ዘረጋችልኝ። ቀለም የለበትም። «ዛሬ ቢሮ መግባት የለም» አለች። አውቶቡሱ ውስጥ ገብታ በመስኮቱ በኩል ለአጎቷ እጇን አውለበለበች፤ «አባዬን ሰላም በሉልኝ» አለቻቸው። አቶ ክብሩ «እሺ» አሉ፣ ፊታቸውን ወደ ግንቡ አዞሩ።

ውጤቱን የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም። በመጀመሪያው ዙር በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ አላመጣችም። የማካካሻ ትምህርት ተከታትላ በሚቀጥለው ዓመት ገባች። ዛሬ ሥራ ይዛለች።

ፈተናው ባለቀ በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ጎሕ ሲቀድ ገብተው መርዶውን ነገሯት። እኔ ረፋድ ላይ ሄድኩ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ጥቁሩን ሹራብ በፌስታል ይዤ። ድንኳኑ ከግቢያቸው በር አጠገብ ተተክሏል። እናቷ ከአገር ቤት ገብተዋል፤ ድምፃቸው ከውስጥ ይሰማል፤ እንደልባቸው ያለቅሳሉ። አቶ ክብሩ በሩ ላይ ተቀበሉኝ። አገጫቸው ላይ ጢም ማቆጥቆጥ ጀምሯል።

«ባለውለታዬ ነዎት» አሉኝ። «እስከ መጨረሻው ሳትሰማ ተፈተነች። ዛሬ ስንነግራት እንዴት እንደጮኸች!»

«እግዚአብሔር ያጽናዎት» አልኳቸው።

ምሕረት ከድንኳኑ ወጥታ መጣች። ፌስታሉን ሰጠኋት፤ ሹራቡን አውጥታ እዚያው ለበሰችው፣ እስከ አንገቷ ቆለፈችው። ከዚያ በአጎቷ ፊት፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ሁለት እጇን ገልብጣ ዘረጋችልኝ። አቶ ክብሩ ግራ ገብቷቸው እጇንም እኔንም አዩ።

ከጫማዋ ጀምሬ አየኋት። ነጠላ ጫማ፣ ጥቁር ቀሚስ፣ ጥቁር ሹራብ፣ ምንም ያልነካው ጥፍር። ፊቷ ላይ ስደርስ እያየችኝ ነበር።

«ግቢ» አልኳት።

ወደ እናቷ ገባች።